ለእናንተ እንከን የለውም

ሻጩ ገና ከመግባቴ መብራቱን አጠፋና አፌን ዘጋው። ክፋት አልነበረውም። ፕሮጀክተር የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ ክፍሉን ያጨልማል፤ ጨለማ ውስጥ ደግሞ የማያምር ዕቃ የለም። እኔ ግን የምናገረው በእጄ ነው፤ ሰው የሚለኝንም የምሰማው በዓይኔ ነው። መብራት ሲጠፋ ሌላው ሰው ማየት ብቻ ያቆማል፤ እኔ ማየቱንም፣ መስማቱንም፣ መናገሩንም አንድ ላይ አቆማለሁ። ግድግዳው ላይ የሚዋኙትን ዓሣዎች ትንሽ አየሁና በዳበሳ ማብሪያውን ፈልጌ አበራሁት። ሻጩ ደንግጦ ዞረ።

ስልኬን አውጥቼ ጻፍኩለት። «አልሰማም። አስተማሪ ነኝ፤ ልጆቼም አይሰሙም። መብራት ሳይጠፋ፣ መጋረጃ ሳይዘጋ የሚያሳይ ፕሮጀክተር ነው የምፈልገው።»

አነበበና ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ አፉን እንደ በር ከፍቶ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየጎተተ ሊያናግረኝ ሞከረ። ሁሉም እንዲህ ያደርጋሉ። አፍ ሲለጠጥ ከንፈር ማንበብ ጭራሽ እንደሚብስ የሚነግራቸው የለም። ስልኩን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ለመቼ ነው?» ብሎ ጻፈ።

«ለሐሙስ። ለሐሙስ ካልደረሰ አያስፈልገኝም።»

ሐሙስ ኮሚቴው ይመጣል። ከትምህርት ቤታችን ግቢ ጥግ፣ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ያለችው ክፍል የእኔ ናት፤ ውስጧ አስራ አንድ ልጆች አሉ፣ አንዳቸውም አይሰሙም። የበላይ ቢሮው ይህችን ክፍል ዘግቶ ልጆቹን ከሚሰሙ ልጆች ጋር ሊቀላቅላቸው አስቧል። ወረቀቱ ሲነበብ ያምራል፤ አብሮ መማር፣ አብሮ ማደግ ይላል። ማን ይጠላል? በእነዚያ ክፍሎች ውስጥ ግን አንዲት ምልክት የሚያውቅ አስተማሪ የለም። አንዱን ጠይቄው «ይሄን ሁሉ ልጅ ይዤ መች ልማረው?» ብሎ ጽፎልኛል፤ አልፈርድበትም።

እኔ ያደግኩት እንደዚያ ያለ ክፍል ውስጥ ነው። አስተማሪዋ ወደ ሰሌዳው ዞራ ታወራለች፤ እኔ ጀርባዋን አያለሁ። ትዞርና አንድ ነገር ትላለች፤ ልጆቹ ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። «ገባሽ?» ትለኛለች። ይህችን ቃል ብቻ ከከንፈሯ ላይ ለይቼ አውቃታለሁ፤ አዎ ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ስነቀንቅ ደስ ይላታል። እንዲህ እየነቀነቅኩ ከክፍል ክፍል አለፍኩ፤ ስሜን እንኳ አስተካክዬ መጻፍ ሳልችል። ልጆቼ እዚያ ገብተው ሲነቀንቁ ከማይ ሞቴን እመርጣለሁ።

ስለዚህ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ለመንኩ፣ ተሰጠኝ። ከዚያ በፊት ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ በራቸው ላይ ቆሜያለሁ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ላይ ግን እነሱ ከእኔ ይብሳሉ። የቀረችኝ ይህቺው ግማሽ ሰዓት ናት። ልጆቹ መጀመሪያ ሲመጡ እንዴት እንደነበሩ፣ አሁን ደግሞ እንዴት እንደሚያወሩና እንደሚያነቡ በስልኬ የቀረጽኩት ቪዲዮ አለኝ። እሱን ካዩ አንጀታቸው ይራራል ብዬ ነበር። የትምህርት ቤቱ ፕሮጀክተር ግን አምፖሉ ከተቃጠለ ሰንብቷል፤ ድሮም ቢሆን ጨለማ ካልሆነ ምንም አያሳይም ነበር። ጨለማ ከሆነ ደግሞ የእኔ እጅ አይታይም። ዳይሬክተሩ ለዕቃ መግዣ ከያዘው ላይ ቀንሶ «ሂጂና የሚሆንሽን ምረጪ» አለኝ። አባዬ አብሬሽ ልሂድ ቢለኝ እምቢ አልኩ። ዕቃ ልገዛ አባቴን አስከትዬ የምዞርበት ዕድሜ አልፏል።

ሻጩ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ አወረደልኝ። የመጀመሪያዋ መዳፍ የምታህል ነጭ ነገር ነበረች፤ ዓሣዎቹን ያሳየችኝ እሷ ናት። መብራቱ ሲበራ ዓሣዎቹ ጠፉ። «ይቺ ለቤት ናት፤ ፊልም ለማየት። ስፒከርም አብሯት አለ» ብሎ ጻፈ። ስፒከር ሲለኝ ሳላስበው ሳቄ መጣ፤ እሱም ገባውና አፈረ። ሁለተኛዋ የክፍል መብራት ብትችልም የመስኮት ብርሃን ሲነካት ትገረጣለች። ሦስተኛዋን በሩ አጠገብ አስወጥቼ ፀሐይ ያረፈበት ግድግዳ ላይ አስሞከርኩት፤ ከጥላ በቀር ምንም የለም። ሻጩ ላቡን ጠረገ።  ከእሱ በፊት የገባሁባቸው ሱቆች ሁሉ በዚሁ ሁኔታ ነበር ያሰናበቱኝ፤ ሐሙስ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው።

በመጨረሻ ጭንቅላቱን አከክ አከክ አደረገና ወደ ጓዳ ገባ። እንደ ሻንጣ የገዘፈ ጥቁር ማሽን ታቅፎ ወጣ። ያገለገለ ነው፤ ከአንድ ትልቅ አዳራሽ የተነሳ። ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው፣ ሰካው፣ አበራው። መብራቱ እንደበራ፣ በሩም ወለል ብሎ እንደተከፈተ፣ ዓሣዎቹ ቅርፊታቸው ሳይቀር ግድግዳው ላይ ቁጭ አሉ። እጄን አንስቼ አየሁት፤ እጄም ይታያል፣ ዓሣውም ይታያል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ይሄኔ የጎረቤት ባለሱቅ በበሩ ብቅ ብሎ ፊቱን አኮማትሮ አንድ ነገር ተናገረ። ሻጩ እጁን አወናጨፈበትና መለሰው። የጎረቤት ጠብ ነው ብዬ አለፍኩት።

«ይሄን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን ጓዳ ደበቅከው? እንከኑ ምንድን ነው?» ብዬ ጻፍኩ።

ስልኩን ይዞ ትንሽ አሰበ። ከዚያ «ለእናንተ እንከን የለውም» ብሎ መለሰልኝ።

ልጆቼን አስቦ የተናገረው ደግ ቃል መሰለኝ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አመሰገንኩት፤ ማሽኑንም ታክሲ ድረስ ተሸክሞ አደረሰልኝ።

ረቡዕ ጠዋት ክፍሌ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። መስኮቶቹን ሁሉ በረገድኩ፤ ፀሐዩ እንደ ልቡ ገባ። ልጆቼ ራሳቸውን ግድግዳውን አክለው ሲያዩ አበዱ። አንዱ በቪዲዮው ውስጥ ያለውን ራሱን እያየ፣ ከራሱ ጋር በእጁ ይከራከራል። ሌላው መዳፉን ማሽኑ ላይ አሳርፎ «ይንቀጠቀጣል፣ በርዶታል» አለና ሹራቡን አውልቆ ሊያለብሰው መጣ። ሳቅኩና መለስኩት። ሞተር ያለው ነገር ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ፍሪጅም ይንቀጠቀጣል፣ አውቶብስም ይንቀጠቀጣል። እኛ ዓለምን የምናውቃት ስትንቀጠቀጥ ነው።

የመስኮቱ ደፍ ላይ ሁልጊዜ የምትተኛ ድመት አለች፤ ማሽኑን ባበራሁ ቅጽበት ተፈናጥራ ጠፋች። ሥዕል የማትወድ ድመት ናት ብዬ ቀለድኩ፤ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ቀጥሎ ዘበኛው ጭንቅላቱን በበሩ አስገባ። ማሽኑን አየ፣ ልጆቹን አየ፣ እኔን አየ፣ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ተወው። አውራ ጣቴን ቀስሬ «ቆንጆ ነው አይደል?» አልኩት። ሳቀ፣ ራሱን ነቀነቀና ሄደ። አድናቆቱን መሸከም አቅቶት መሰለኝ። ማሽኑን ያን ሁሉ ሰዓት ስንፈትሸው የዋልነው ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሰዎች ነን፤ አንዳችንም አንሰማም።

ልጆቹ ሲበተኑ አንዷ ቀረች። ክፍሉ ያወጣላት ስም ለምኒት ነው፤ ለምን ሳትል የምታድርበት ቀን ስለሌለ። ሻንጣዋን አንግታ ፊቴ ቆመች።

«ነገ የሚመጡት ሰዎች ከዚህ ያስወጡናል?»

«ማን ነገረሽ?»

«እናቴ ስታለቅስ አየኋት። ለምን ያስወጡናል?»

ልመልስላት እጆቼን አነሳሁ። «በኋላ እነግርሻለሁ» አልኳት።

ምልክቱ ከእጄ ሲወጣ ሳየው ደነገጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚህ ቃል የጠላሁት ነገር የለም። ቤተሰብ ገበታ ላይ ተቀምጦ በሳቅ ሲፈርስ፣ ምንድን ነው እላለሁ፤ በኋላ እነግርሻለሁ ይሉኛል። እናትና አባቴ ተጣልተው ቤቱ ሲጨልም፣ ምን ሆናችሁ እላለሁ፤ በኋላ። አያቴ መሞቷን ያወቅኩት አልጋዋ ሲታጠፍ ነው። ያ በኋላ የሚሉት ነገር መጥቶ አያውቅም። ለምኒት ግን አመነችኝ፤ እየዘለለች ወደ በሩ ሄደች፤ እኔም በራሴ አፈርኩ።

ነገ ድምፅ የሚሆነኝ አባዬ ነው። እጄ የሚለውን አይቶ በአፉ ለሚሰሙት ይናገራል። አስተርጓሚ ይላኩልኝ ብዬ ቢሮውን ጠይቄ ነበር፤ የለም አሉ። አባዬ ደግሞ አለ። በወጣትነቱ አውቶብስ ላይ ቲኬት ቆራጭ ነበር፤ ፌርማታ ሲጠራ መንገድ ተሻግሮ ያለ ሰው ይሰማው ነበር ይላሉ። ልጆቼም ይህን ከእኔ አይተው ስም አውጥተውለታል፤ መዳፍ አፍ ላይ ለጠፍ አድርጎ ወደ ፊት መልቀቅ፣ ጠሪው ማለት ነው። ያ ድምፅ ግን ከእሱ ጋር አርጅቷል። እናቴ «አሁንማ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ነው የሚመስለው» ብላ ጽፋልኛለች።

ስለዚህ ያን ማታ ስንለማመድ ድምፁን እንዳያወጣ ከለከልኩት። እኔ በእጄ ተናገርኩ፣ እሱ በከንፈሩ ብቻ ተከተለኝ። እናቴ የሞቀ ውሃ እያመጣች ታጠጣዋለች።

«አይዞሽ፤ ነገ አስተጋባዋለሁ» አለኝ በእጁ። «ሞተር እየጮኸ ተሳፋሪ ስጠራ የኖርኩ ሰው ነኝ።»

ማሽኑ ትምህርት ቤት አደረ፤ አባዬ ቤት አደረ። ሁለቱ ሳይተዋወቁ ሐሙስ ደረሰ።

ስብሰባው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ነበር። ኮሚቴው በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተደርድሮ ተቀመጠ፤ መሃል ላይ ሰብሳቢዋ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ጠና ያለች ሴት። ፊታቸው የውሃ ብርጭቆ ተቀምጦላቸዋል። ማሽኑን ከጠረጴዛው ጫፍ አኖርኩት፤ ሌላ ቦታ ገመዱ አይደርስም። አባዬ ከእሱ ጎን ቆመ፤ ኮቱን ለብሷል፣ ጺሙን ተላጭቷል። መጋረጃውን ከፈትኩ፣ ቪዲዮውን የገለበጥኩበትን ላፕቶፕ ሰካሁ፣ ማሽኑን አበራሁ።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ማሽኑ ዞሩ። ትልቅነቱ ገርሟቸው መሰለኝ። አባዬ ግን ማሽኑን ሳይሆን እኔን አየኝ። «ዝግጁ ነህ?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ጀመርኩ። ልጆቹ መጀመሪያ ሲመጡ ስማቸውን እንኳ እንደማያውቁ ነገርኳቸው። ስም መጠሪያ ነው፤ ሰው በማይሰሙት ነገር ቢጠራቸው ምን ያደርግላቸዋል? ለምኒት የመጀመሪያ ቀኗ ላይ ጥግ ይዛ ስትነክሰኝ ግድግዳው ላይ ታየች፤ ቀጥሎ መጽሐፍ ይዛ ለትንንሾቹ በእጇ ስታነብላቸው ታየች። ሥዕሉ ቁልጭ ያለ ነው። እጄ ይታያል። ያሰብኩት ሁሉ ሰምሮልኝ ነበር።

ፊታቸው ግን ልክ አልመጣልኝም። መጀመሪያ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ፤ ጓጉተው ነው አልኩ። ከዚያ ቅንድባቸው ተሰበሰበ። ከሰብሳቢዋ ቀጥሎ ያለው መዳፉን ጆሮው ላይ አደረገ። ይህን እንኳን እኔ፣ ሕፃንም ያውቀዋል። የአባዬ ጉሮሮ ነው ብዬ ደመደምኩ።

«ጮክ በል» አልኩት።

አንገቱን ቀና አደረገ። አፉ ሰፋ። የኮሚቴው ፊት አልተፈታም።

«አልሰሙህም፤ ጮክ በል እንጂ።»

ፊቱ ደም መሰለ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር እንደ ገመድ ተወጠረ። አሳለው፤ ውሃ ጠጣ፤ እንደገና ጀመረ። ተናድጄበት ነበር። ይሄን ሁሉ ዓመት ለማያውቀው ተሳፋሪ የጮኸ ሰው፣ ለእኔ ለአንዲት ቀን ድምፅ ያንሰዋል ብዬ ደሜ ፈላ። ሰብሳቢዋ ወደ እሱ ዘንበል ብላ አንድ ነገር አለችው። መለሰላት። እንደገና አለችው።

«ምን አለች?»

«በኋላ እነግርሻለሁ። ቀጥይ» አለኝ።

ቀጠልኩ። ምን አማራጭ ነበረኝ? ከዚያ ሰብሳቢዋ ራሷን መነቅነቅ ጀመረች። ጎኗ ያለውም ነቀነቀ። ዙሪያውን ሁሉም፣ እኔን ሲያዩ ነቀነቅ፣ ሥዕሉን ሲያዩ ነቀነቅ፣ ትንሽ ፈገግ።  ያንን የራስ መነቅነቅ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ዓመታት የበላሁበት እንጀራዬ ነው። ምንም ያልገባው ሰው፣ እንደገና መጠየቅ ያፈረ ሰው፣ እንደዚያ ነው የሚነቀንቀው። አንደኛው በጠረጴዛው ስር ሰዓቱን አየ።

ዓይኔ መደበቂያ ሲፈልግ ሰብሳቢዋ ፊት ያለው ብርጭቆ ላይ አረፈ። የነካው ሰው የለም። ውሃው ግን ይርገፈገፋል፤ ከመሃል ወደ ዳር ትንንሽ ክብ እየሠራ፣ ሳያቋርጥ። መዳፌን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩ። ጠረጴዛው እስከ ክርኔ ድረስ ነዘረኝ። ያቺ ድመት ትዝ አለችኝ። የዘበኛው ሳቅ፣ የጎረቤቱ ባለሱቅ የተኮማተረ ፊት፣ ሹራቡን ሊያለብሰው የመጣው ልጅ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጡብኝ። ለእናንተ እንከን የለውም።

«ይጮሃል እንዴ?» አልኩት አባዬን።

 «ወፍጮ ቤት ነው» አለኝ።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ራስሽ መርጠሽ ያመጣሽው ነው፤ ደስ ብሎሽ ነበር። አጥፊው ብልሽ ደግሞ ልጆቹ ከግድግዳው ላይ ይጠፋሉ። እበልጠዋለሁ ብዬ ነው። ድሮ የአውቶብስ ሞተር እበልጥ ነበር እኮ።»

ወደ ኮሚቴው ዞሮ አፉን ከፈተ። አንገቱ ተወጠረ፣ ትከሻው ተነሳ፣ ግን ማንም ወደ እሱ ዞር አላለም፤ ያኔ ምንም እንዳልወጣው ገባኝ። እጁን ጉሮሮው ላይ አድርጎ ቆመ።  ማሽኑን ባጠፋ ሥዕል የለኝም፤ ባላጠፋ ድምፅ የለኝም፤ አሁንማ ባጠፋም ድምፅ የለኝም። ሰብሳቢዋ ወረቀቶቿን መሰብሰብ ጀመረች። ልጆቼ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ሆነው እየጠበቁኝ ነው።

ላፕቶፑን ሳብኩና ባዶ ገጽ ከፈትኩ። ፊደሉን አገዘፍኩትና ጻፍኩ፤ ግድግዳውን ሙሉ ሆኖ ወጣ።

«ምን ሰማችሁ?»

እርስ በርስ ተያዩ።

«ስትነቀንቁ ነበር። ምን ገብቷችሁ ነው?»

 ፊደል እየሳትኩ፣ እየሰረዝኩ ጻፍኩ። «እኔ ስለማልሰማ ማሽኑ እንደሚጮህ አላወቅኩም። እናንተ ግን እንዳልሰማችሁ ታውቁ ነበር። አንድ ሁለቴ ጠየቃችሁ፤ ከዚያ አፈራችሁና መነቅነቅ ጀመራችሁ። አልተቀየምኳችሁም፤ እኔም እንደዚያ ነው ያደግኩት። እናንተ የተቀመጣችሁት ለግማሽ ሰዓት ነው። ልጆቼን እንዲህ እንዲቀመጡ የምትልኳቸው ለዓመታት ነው።»

ሰዓቱን ያየው ሰው ዓይኑን ጣለ። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። ከዚያ ወደ አባዬ ዞራ ረጅም ነገር ተናገረች፤ እሱ ወደ አፏ ተጠግቶ ሰማት። ስትጨርስ ፊቱ ከሰል መሰለ።

«ምን አለች?»

እጁ ተነሳ። የትኛው ምልክት እንደሚመጣ ገና ጣቶቹ ሳይዘረጉ አወቅኩት። እጁን ያዝኩት። ላፕቶፑን ገፍቼ ሰብሳቢዋ ፊት አስቀመጥኩና «ለእኔ ይጻፉልኝ» ብዬ ጻፍኩ።

ጎኗ ያለው ሰው ክንዷን ነካ አደረጋት። እሷ በአንድ ጣቷ ፊደል እየለቀመች ጻፈች። ግድግዳው ላይ፣ በፀሐይ ብርሃን መሃል፣ እያንዳንዱ ፊደል ክንድ የሚያህል ሆኖ ወጣ።

«ውሳኔውን በኋላ በደብዳቤ እናሳውቃለን።»

ብዙ ጊዜ ተብዬዋለሁ፤ እንደዚህ ገዝፎ ግን አይቼው አላውቅም። ላፕቶፑን ሳልወስድባት፣ በላይዋ ጎንበስ ብዬ አንዲት ቃል ከስሩ ጻፍኩ።

«አሁን።»

ሰብሳቢዋ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኖቼን አልሰበርኩም። ጎኗ ያለው እንደገና ክንዷን ሊይዛት ሲል እጁን መለሰችው። ከዚያ መጻፍ ጀመረች፤ እየቆመች፣ እየሰረዘች፣ ስትጨርስም ራሷ ግድግዳውን ሳታይ።

«ክፍሉ ይዘጋል። የተወሰነው እዚህ ከመምጣታችን በፊት ነው። ዛሬ ብንሰማዎትም አይለወጥም ነበር። ይቅርታ።»

አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ። ማሽኑ እጄ ስር ይነዝራል። ያን ሁሉ ሱቅ ስዞር፣ ለብርሃን ስጨነቅ፣ አባዬን ሙቅ ውሃ ሳስጠጣ፣ ለካ ወረቀቱ ተፈርሞ አንድ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

አባዬ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ግድግዳውን እንደገና አነበበና ወደ እኔ ዞረ። «ጉሮሮዬ አይደለም ማለት ነው?» አለኝ።

«አይደለም አባዬ። ጉሮሮህም አይደለም፣ ማሽኑም አይደለም።»

ደብዳቤው ብቻ መጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ እሱ ድምፁ ክፍሌን እንዳዘጋብኝ እያሰበ፣ እኔም ምርጫዬ እንዳዘጋብን እያሰብኩ፣ ሳንነጋገር እንሞት ነበር። እጆቹ ጭኑ ላይ ወደቁ። አለቀሰ፤ ኮሚቴው እያየው፣ ሳይደብቅ። እኔ እንባም አልመጣልኝ። ነገም በራቸው ላይ እቆማለሁ፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። እንደማይከፈት ግን አሁን አውቄያለሁ።

ማሽኑን ነቅዬ ታቀፍኩት። አባዬ ሊያግዘኝ ተነሳ፤ እምቢ አልኩት። ግቢውን አቋርጬ፣ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ዞሬ፣ በሩን በክርኔ ገፋሁት። ልጆቹ በየቦታቸው ተቀምጠዋል፤ ለምኒት ወንበር ላይ ቆማለች። አስራ አንዱም በአንድ ጊዜ እጃቸውን አነሱ። «ምን አሉ?»

እጄ ሙሉ ነበር። እጁ የሞላ ሰው መናገር አይችልም፤ ማንም አይፈርድበትም። ያቺን ትንሽ ጊዜ ማሽኑን እንደታቀፍኩ ቆምኩባት። ለምኒት ታየኛለች፤ ትናንት ያልኳትን አልረሳችም። እኔም እናቶቻቸው ይንገሯቸው፣ ሰኞ ይሁን፣ ከእረፍት በኋላ ይሁን የሚሉ ሐሳቦች ሁሉ መጡልኝ።

ማሽኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩና ነገርኳቸው።